አንሶላ እንደ ሹሩባ ሲጎነጎን፦ ከአዳማ የተነሳ ጥያቄና የተከተሉት መልሶች

መነሻው። ነገሩ የተጀመረው አንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ በተጻፈ ጥያቄ ነው። ጠያቂዋ አዳማ መናኸሪያ አካባቢ አነስተኛ ፔንሲዮን አላት። ሰላምታዋን አስቀድማ በቀጥታ ወደ ጉዳይዋ ገባች። የልብስ ማጠቢያ ማሽኗ ሴሚ አውቶማቲክ የሚባለው ነው፤ ማጠቢያውና መጭመቂያው ጎን ለጎን፣ ለየብቻ። ሸሚዝና ሱሪ ሲያጥብ ምንም አይወጣለትም። ጣጣው አንሶላ ላይ ነው። አንሶላዎቹ ገብተው ትንሽ ከዞሩ በኋላ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው ይወጣሉ። የትራስ ልብሱ ባለ ላስቲኩ አንሶላ ጥግ ውስጥ ተወሽቆ ይቀራል። ጉንጉኑ ሲፈታ መሃሉ ላይ ያልሟሟ ኦሞ ተጋግሮ ይገኛል። አንዳንዴማ ውሃ ጨርሶ ያልነካው ቦታ አለ። የሚያግዟት ልጆች ለማላቀቅ ሲጎትቱ የአንዱ ጠርዝ ተተርትሯል። ይህ ሁሉ አልፎ ሲሰጣ ደግሞ የአዳማ ነፋስ ሽቦው ላይ እንደገና ይጠመጥመዋል። ጥያቄዋ ሁለት ነው። ጥፋቱ የማሽኑ ነው ወይስ የአጣቢው? ከፊት የሚከፈተውን ማሽን ትግዛ ወይስ ገንዘቧን ትያዝ?

መድረኩ ላይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨቃጨቀው ስለ ቤት ኪራይና ስለ ባጃጅ ታሪፍ ነው። ለአንሶላ ይህን ያህል ሰው ይነሳል ብዬ አልጠበቅሁም። አንዳንዱ መልስ ሊጠፋ የማይገባው ስለሆነ እንደየተራው ላውራላችሁ።

መልስ 1። የጻፉት እናት ይመስላሉ። ልጄ እያሉ መርቀው ነው የጀመሩት። ምክራቸው አጭር ነው። አንሶላ ከአልጋ ላይ እንደተገፈፈ ተድቦልቡሎ ውሃ ውስጥ መወርወር የለበትም። በር ላይ ይራገፍ፣ ፀጉርና ፍርፋሪው ይውጣ፣ ከዚያ በአንድ ጫፉ ተይዞ ቀስ እየተባለ ይግባ። የመጀመሪያው ውሃ ጠጥቶ ሲሰምጥ ቀጣዩ ይከተል። ተድቦልቡሎ የገባ ተድቦልቡሎ ይወጣል ነው ነገሩ።

መልስ 2። አንድ መስመር። አዲሱን ግዢና ተገላገዪ የሚል ነው። ምክንያት የለውም፣ ዋጋ የለውም። እንዲህ ያለ መላሽ የሌለበት ክር፣ ማለትም ጥያቄና መልስ ተከታትሎ የሚጻፍበት ውይይት፣ አይቼ አላውቅም።

መልስ 3። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጠጋኝ መሆኑን የነገረን የአዳማ ልጅ ነው። ይህኛው ሙያውን ይዞ መጣ። ማጠቢያው ወለል ላይ ያለችው ክንፍ ያላት ክብ ሳህን ናት ሥራውን የምትሠራው። ጥቂት ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ ታርፋለች፣ ጥቂት ወደ ግራ ትዞራለች። እንደዚያ የተሠራችው ልብሱ እንዳይጠመዘዝ ነው። ውሃው ካነሰ ግን አንሶላው ሳህኗ ላይ ይተኛና ይዛው ትዞራለች። አንድ ጫፍ ከተያዘ ደግሞ ሌላው እየተሳበ ይከተላል። ስለዚህ ውሃው ከፍ ብሎ ጨርቁ መንሳፈፍ አለበት ባይ ነው። ቅደም ተከተሉንም አስቀመጠ። መጀመሪያ ውሃ። ከዚያ ኦሞ። ማሽኑ ባዶውን ትንሽ አዙሮ ኦሞውን ያሟሟው፣ ከዚያ ቆሞ አንሶላው ይግባ። መደወያው ጠንካራና ለስላሳ የሚል ምርጫ ካለው ለስላሳው ላይ ይሁን። ግማሽ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ አንሶላው በእጅ ተላቆ ይገላበጥ። ሳህኗ እየዞረች እጅ መክተት በፍጹም የለም። በመጨረሻም የጎማ ሽታ ከመጣ የማሽኑ ቀበቶ እየተንሸራተተ እንደሆነና ያን ጊዜ ወዲያው ማጥፋት እንደሚሻል አስጠነቀቀ። ብዙ ማሽን ወደ እሱ የሚመጣው በአንሶላና በብርድ ልብስ ምክንያት ነው አሉ።

መልስ 4። በትሕትና አርማለሁ ያለ ሰው ነው። እሱ ቤት ያለው ከፊት የሚከፈተው ነው። መጀመሪያ ልብስ ገብቶ በሩ ይዘጋል፣ ውሃውን ማሽኑ ራሱ መጥኖ ይስባል። ስለዚህ ውሃ ከፍ አድርጉ የሚለው ምክር ትክክል አይደለም አለ።

መልስ 5። ጠጋኙ ተመለሰ። ወንድሜ ብሎ ነው የጀመረው፣ ግን ትንሽ እንደቆረቆረው ያስታውቃል። ሁለቱ ማሽኖች የተለያዩ እንደሆኑ አስረዳ። ከፊት የሚከፈተው ልብሱን ወደ ላይ እያነሳ ይጥለዋል። እዚያ የሚያስፈልገው ውሃ ሳይሆን መውደቂያ ቦታ ነው። ታጭቆ ከሞላ የሚወድቅ ነገር የለም፣ አንድ ላይ ይንከባለላል። ማሽኑ ላይ 7 ኪሎ ተብሎ የተጻፈው የደረቅ ልብስ ክብደት ነው። አንሶላ ደግሞ ኪሎውን ሳይሞላ ቦታውን ይሞላል። እሱ ለልብስ ከበርሜሉ ሩብ ያህሉ ክፍት ይተው ይላል፣ ለአንሶላ ግማሹ። አንሶላዎቹ ተጠቅልለው ወደ አንድ ወገን ካደሉ ማሽኑ መጭመቅ እምቢ ይላል፤ ትንሽ ዞሮ ይቆማል፣ ትንሽ ዞሮ ይቆማል። ተበላሸ ተብሎ የሚጠራበት ቤት ሄዶ በርካታ ጊዜ ያገኘው ይኸው ነው። አንሶላውን ፈትቶ፣ አስተካክሎ መልሶ፣ የመጓጓዣውን ብቻ ተቀብሎ ይመለሳል።

አዲስ ማሽን በራሱ መፍትሔ እንዳልሆነ እዚህ ላይ ለኔ ግልጽ ሆነ። መልስ 2 ግን ይህን አንብቦም ሐሳቡን አልቀየረም። በኋላ ተመልሶ ያንኑ ጻፈ።

መልስ 6። ጥያቄ ብቻ ነው። በአንዴ ስንት አንሶላ ነው የምትከቺው?

መልስ 7። ጠያቂዋ መለሰች። አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት፣ ከነትራስ ልብሱ። ብዙ እንደሆነ ታውቃለች። ግን ሰፈሯ ውሃ የሚያገኘው በፈረቃ ነው። ውሃ የመጣ ዕለት ሁሉም ነገር በአንድ ሌሊት መታጠብ አለበት። የሚቀጥለው ፈረቃ እስኪደርስ ሮቶው ውስጥ ያለው ለእንግዶች መታጠቢያና ለሽንት ቤት ነው። ለዚያ ነው ማሽኑ የሚታጨቀው።

አዳማ የኖረ ሰው ይህን ሲያነብ ራሱን ነቅንቋል። እኔም ነቅንቄአለሁ። ሌሊት ላይ ቧንቧው አየር ሲተፋ የሰማ ሁሉ ተነስቶ ባልዲ ይደረድራል። እስከዚህ ድረስ ክሩ ስለ ማሽን ነበር። ከዚህ ወዲያ ስለ ውሃ ሆነ። የአንሶላው ጉንጉን የሚጀምረው ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን ፈረቃው ላይ ነው።

መልስ 8። ክሩን አንብባችሁ አንድ መልስ ብቻ ከያዛችሁ ይህን ያዙ። ጸሐፊዋ አዳማ ውስጥ ሆቴል ላውንደሪ ረጅም ጊዜ የሠራች ናት። የሆቴሉን ስም አልጠራችም። ስብሰባ በበዛበት ሰሞን የሚመጣውን የአንሶላ ክምር ስታነሳ ግን አብራችሁ ይደክማችኋል።

ውሃ የመጣበት ሌሊት የመሙያ ሌሊት እንጂ የማጠቢያ ሌሊት መሆን የለበትም አለች። ያለው ዕቃ ሁሉ ይሞላ። መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ ውሃ ለነጭ አንሶላ አይሆንም፤ እሱ ለወለልና ለሽንት ቤት ይቀመጥ። ያን ሌሊት አንሶላዎቹ ሳፋ ውስጥ በኦሞ ተዘፍዝፈው ይደሩ። የተዘፈዘፈ አንሶላ ግማሽ ሥራው አልቋል፤ ማሽን ውስጥ ብዙ መዞር አያስፈልገውም። ብዙ ካልዞረ ደግሞ አይጎነጎንም።

ጠዋት ሁለት ሁለት እያደረጉ ማጠብ ነው። የሜትር ከሰማንያው አልጋ አንሶላ ከሆነ አንድ ብቻውን። ሰው እዚህ ላይ ውሃ ያልቃል ብሎ ይፈራል። እሷ ግን ያው የሳሙና ውሃ ሦስት ዙር ያጥባል ትላለች። መጀመሪያ ነጩ፣ ቀጥሎ ባለ ቀለሙ፣ መጨረሻ ላይ የእግር መጥረጊያው። ለማለቅለቅ ሁለት ሳፋ ይዘጋጅ። የመጀመሪያው ሳፋ አረፋውን ያወጣል፣ ሁለተኛው ያጠራል። የመጀመሪያው ሲደፈርስ ይደፋና ሁለተኛው በእሱ ቦታ ይገባል፤ ንጹሕ ውሃ ለአንድ ሳፋ ብቻ ነው የሚቀዳው። ስድስቱን አንድ ላይ አጭቆ፣ ሳይጸዳ ቀርቶ ደግሞ ከማጠብ ይህ ውሃ ይቆጥባል።

ባለ ላስቲኩን አንሶላ በተመለከተ የእጅ ሥራዋን አሳየችን። አንሶላው ይገለበጣል። ሁለት እጅ ሁለቱ ጥግ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ ጥግ ሌላው ላይ ይጠለቃል። ሌሎቹ ሁለት ጥጎችም እንዲሁ። ከዚያ አራቱም አንዱ በአንዱ ውስጥ ይሆናሉ። አፉን ከፍቶ የትራስ ልብስ የሚውጥ ኪስ አይኖርም። የኮምፈርት ልብስም ቁልፉ ወይም ዚፑ ተዘግቶ ነው የሚገባው። የትራስ ልብስና ካልሲ ከአንሶላ ጋር አይታጠብም። ፎጣም አይታጠብም፤ ፎጣ ብዙ ውሃ ጠጥቶ ይከብድና ቀላሉን አንሶላ ይዞት ይወርዳል።

መጭመቂያው ላይ ደግሞ አንሶላው ረዘም ተደርጎ ይታጠፍና ግድግዳውን ተከትሎ ዙሪያውን ይቀመጣል። መሃሉ ክፍት ይሆናል። ላዩ ላይ ያቺ የፕላስቲክ ክዳን ትጫናለች። ብዙ ቤት ይህቺ ክዳን ጠፍታለች፤ ማሽኑ መሬት እየደበደበ ቤቱን የሚያናጋው አንዱ በዚያ ነው።

መልስ 9። ጡረታ የወጡ አባት። በእሳቸው ጊዜ ማሽን እንዳልነበረ፣ አንሶላም እንዳልተጎነጎነ ጻፉ። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። የዛሬ ሴቶች ቁልፍ ከመጫን ሌላ ሙያ እንደሌላቸው ጨመሩበት።

መልስ 10። አንዲት ሴት አባቴ ማለቷን ሳትተው ጠየቀቻቸው። የራሳቸውን አንሶላ ለመጨረሻ ጊዜ ያጠቡት መቼ ነው? ቤታቸው ውስጥስ ሲያጥብ የኖረው ማን ነው?

መልስ 11። አንድ ጎረምሳ ነገሩን አባብሶ በዕድሜያቸው ቀለደ። አልደግመውም።

መልስ 12። ሰውዬው ተመለሱ። ብቻቸውን እንደሚኖሩና የገዛ አንሶላቸውን ራሳቸው እንደሚያጥቡ ጻፉ። አጣጠባቸውንም ዘረዘሩት። አንሶላው ትልቁ ሳፋ ውስጥ በአራት ታጥፎ ይዘረጋል። ኦሞው በሙቅ ውሃ ተሟሙቶ ይፈስበታል። ጥቂት ከቆየ በኋላ እግራቸውን ታጥበው ይገቡና ግድግዳ ይዘው ይረግጡታል። አንዱን ወገን ሲጨርሱ እጥፉን ይገለብጡታል። ሲያለቀልቁም አይጠመዝዙትም፤ አንሶላውን በርጩማ ላይ ደርበው ውሃው በራሱ እንዲወርድ ይተዉታል። ረግጠው ስለሚያጥቡ ወደ ታች ይጫናል እንጂ የሚያዞረው ነገር የለም። እንዴት ይጎነጎናል?

አባባላቸው ልክ አልነበረም፣ አጣጠባቸው ግን ልክ ነው። መልስ 10 የጻፈችውም ተመልሳ ይቅርታ ጠየቀች፤ ግን ነገሩን የጀመሩት እሳቸው እንደሆኑ ማስታወሷን አልተወችም። ጋሼም አልካዱም። ግድግዳ መያዙን ግን በደንብ አስምሩበት። እርጥብ ሳፋ ውስጥ መንሸራተት በስተርጅና ቀልድ አይደለም።

ከመልስ 13 እስከ 16። እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ሳተ። አንዷ አያቷ በእንዶድ ያጥቡ እንደነበርና ጋቢያቸው እንዴት ይነጣ እንደነበር አነሳች። ሌላው ተቀብሎ የዶክተር አክሊሉ ለማን ነገር አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ እንዶድ ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር እንዳለው ያረጋገጡት እሳቸው ናቸው። ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። ወንጂ ተወልዶ ያደገ ሰው ደግሞ የሸንኮራው መስኖ ቦይ ውስጥ ስለነበረው ቢልሃርዝያ ጻፈ። ልጅ ሆነው ቦይ ውስጥ ሲዋኙ የሚደርስባቸውን ዱላ አብሮ ተረከ። አራተኛው እንዶድ ዓሣም ስለሚገድል እጣቢው ወንዝና ሐይቅ ውስጥ እንዳይደፋ አሳሰበ። ሁሉም እውነት ነው። ከተጎነጎነ አንሶላ ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር ትንሽ ነው።

መልስ 17። ወደ አንሶላው እንመለስ የሚል። ሰሚ አገኘ።

መልስ 18። ከከተማው ዳር፣ በነፋስ መብራት የሚያመነጩት ተርባይኖች በሚታዩበት በኩል የሚኖር ሰው ነው። እስካሁን ስለ ማጠብ ብቻ መወራቱ ገርሞታል። አዳማ ላይ ዋናው ጠላት ነፋሱ ነው ይላል። መንግሥት እዚያ ኮረብታ ላይ መጀመሪያ 34፣ ቀጥሎ 102 ተርባይን የተከለው ለጌጥ አይደለም። የመጀመሪያው ምዕራፍ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2007 ዓ.ም የተመረቀው ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ያንን ሁሉ ክንፍ የሚያዞር ነፋስ አንድ አንሶላ መጠምጠም ምን ያቅተዋል?

ዘዴው እንዲህ ነው። አንሶላ አንድ ሽቦ ላይ እኩል ታጥፎ ሲንጠለጠል ሁለቱም ጫፎቹ ነፃ ናቸው። ነፋሱ አንዱን ጫፍ ያነሳና በሽቦው ላይ ያሳልፈዋል፤ ከዚያ ሌላ ዙር፣ ሌላ ዙር። ስለዚህ ሁለት ገመድ ጎን ለጎን ይወጠር፣ በመካከላቸው አንድ ክንድ ያህል ይኑር። የአንሶላው አንድ ጠርዝ አንደኛው ገመድ ላይ፣ ሌላኛው ጠርዝ ሁለተኛው ላይ ይቆንጠጥ፣ ሆዱ ወደ ታች ይውረድ። ነፃ ጫፍ የለም ማለት ነው። ገመዶቹ ነፋሱ የሚመጣበትን አቅጣጫ ተከትለው ቢወጠሩ ይመረጣል። ያኔ ነፋሱ በሆዱ ውስጥ አልፎ ይሄዳል እንጂ ፊት ለፊት አይገፋውም። ጠርዙ ገመዱን አልፎ አንድ ስንዝር ያህል ይታጠፍና በአራት ወይም በአምስት መቆንጠጫ ይያዝ። ሁለት ጫፍ ላይ ብቻ ከተቆነጠጠ መሃሉ ይረግባል፣ ጥጉም ይተረተራል። ከመሰጣቱ በፊት ሁለት ሰው በአራቱ ጥግ ይዞ ጧ እስኪል ቢያራግፈው ደግሞ ካውያ የሚፈልገው ትንሽ ብቻ ነው።

አቧራውንም አልረሳውም። በበጋ ከሰዓት ላይ አዙሪት ነፋስ ሲነሳ የታጠበው ሁሉ መሬት ይመስላል። ስለዚህ በጠዋት ይሰጣ። የመጨረሻው የማለቅለቂያ ውሃ ደግሞ ገመዱ ሥር ይረጭ። ያ ውሃ የትም ከሚደፋ አቧራውን ይያዝ።

ይህን ሰው በአካል ባገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ።

መልስ 19። ሐሳቡን ወዶ ሽቦውን የጠላ ሰው ነው። የሠፈሩ ሰው ሁሉ የሚሰጣው በብረት ሽቦ ላይ ነው። ሽቦው ሲዝግ አንሶላው ላይ ቡናማ መስመር ይሠራል፤ ያ መስመር በኦሞ አይለቅም። ፕላስቲክ የለበሰ ገመድ ይገዛ፣ ካልሆነም ከመሰጣቱ በፊት ሽቦው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ሌላ ሰው ጣልቃ ገብቶ የዝገት ምልክት በሎሚና በጨው ተቀብቶ ፀሐይ ላይ ቢውል እንደሚለቅ ጻፈ። ነጭ ከሆነ ይሠራል። ባለ ቀለም ላይ ግን ሎሚው ቀለሙንም ስለሚያደበዝዝ አልመክርም።

መልስ 20። ከሐዋሳ። የአዳማን ሰው በነፋሱ ቀናበት። እሱ ያለው ኮንዶሚኒየም ላይ ነው፣ በረንዳው ጠባብ ነው። ክረምት ሲገባ አንሶላው ታጥፎ ይሰጣል፣ ታጥፎ ይሰነብታል፣ መሽተት ይጀምራል። ቤት ውስጥ በሁለት ገመድ ዘርግቶ፣ ፊትና ኋላ መስኮት ከፍቶ ማድረቅ ጀምሯል። በመሃል አንዴ ይገለብጠዋል። በረንዳ ላይ ሲሰጣ ግን የታች ቤት ጎረቤቱ ውሃ ተንጠባጠበብኝ ብላ እንደምትጮህ አማረረ።

መልስ 21። ጎረቤቱ አይደለችም፤ ግን እሷም የታች ቤት ነዋሪ ናት። ቁጣዋ ሁለት አንቀጽ ሞላ። የላዩ ሰው ሳይጨምቅ የሰጣው አንሶላ የሷን የደረቀ አንሶላ መልሶ ያርሰዋል። በረኪና ያለበት ከሆነ ባለ ቀለሙን ያነጣጥበዋል። መጀመሪያ ሳፋ ላይ አንጠባጥቡ፣ ከዚያ ስጡ አለች። የሐዋሳው ሰው መልስ አልሰጠም። ይህ ጠብ እውነቴን ነው ለብቻው ክር ይወጣዋል።

መልስ 22። ያ የወንጂ ልጅ ተመለሰ፤ ከመልስ 15 የምናውቀው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ጀምሮ የቤተሰቡ ኑሮ ሸንኮራ ነው። ሸንኮራው ከመቆረጡ በፊት ሲቃጠል ጥቁር ጥላሸት እየበረረ ይመጣና እርጥብ አንሶላ ላይ ያርፋል። እናቱ ያስተማሩት ነገር አለ። ጥላሸቱን በእርጥብ እጅ መንካት የለም። ከነካኸው ይቀባል። አንሶላው ደርቆ ሲራገፍ ብዙው ራሱ ይረግፋል።

መልስ 23። ነገሩ የመረረው እዚህ ነው። አንዱ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም ብሎ ተነሳ። በረኪና በብዛት አፍስሱ፣ ጠንከር እንዲል የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጠብ አድርጉበት፣ አንሶላው ሳይታሽ ይነጣል አለ።

መልስ 24 እና 25። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ተነሱበት። አንደኛዋ ሐዋሳ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራ ናት። በረኪና ጥጥን እያሳሳ፣ ላስቲክን እያደረቀ እንደሚበላ ረጋ ብላ አስረዳች። ላስቲኩ የሞተ አንሶላ ደግሞ አፉ ሰፍቶ ይቀራል፤ ማሽን ውስጥ ከበፊቱ ብሶ ይጠላለፋል። በረኪና ለነጭ ጥጥ ብቻ፣ በውሃ ቀጥኖ፣ በኋላ ደህና አድርጎ ተለቅልቆ ነው። ሁለተኛው አልተረጋጋም። በረኪናና አሲድ ሲቀላቀሉ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ እንደሚወጣ፣ በተዘጋ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ሊገድል እንደሚችል ጻፈ። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው ጣቱ ይቆረጥ እስከማለት ደረሰ። ስድቡ በዛ። ነገሩ ግን አልበዛም። የፔንሲዮን ጽዳት የሚሠሩ ልጆች ሁለቱንም ጠርሙስ አንድ መደርደሪያ ላይ ነው የሚያገኟቸው፤ ይህን ሊነግራቸው የሚገባው ቀጣሪው ነው። የመድረኩ ተቆጣጣሪ መልስ 23ን ሰረዘው፣ ስድቡንም አብሮ ሰረዘ። ማስጠንቀቂያውን ግን እንዳለ ትቶታል፤ ጥሩ አደረገ።

መልስ 26። ይህችው የፋብሪካ ሠራተኛ ወደ ዋናው ነገር መለሰችን። አንሶላ ሲገዛ ምን ይታይ? ስስ ፖሊስተር ቶሎ ይደርቃል፣ አይጨማደድም፣ ግን ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይጫወትበታል፤ ለአዳማ ሙቀትም ላብ አይጠጣም። ጥጥ ላብ ይጠጣል፣ ውሃም ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ በመጀመሪያው እጥበት ትንሽ ይሰበሰባል። ስለዚህ ጥጥ ከሆነ ከአልጋው ሰፋ ያለውን መግዛት ነው። ለፔንሲዮን የሷ ምርጫ ላስቲክ የሌለው ጠፍጣፋ ጥጥ ነው። ኪስ የለውም፣ አተጣጠፉም ቀላል ነው፣ ሲያረጅ የትራስ ልብስ ይወጣዋል። ጥጉን ፍራሹ ሥር አጥብቆ መክተት ለለመደ ሰው ከላስቲክ ያላነሰ ይይዛል።

መልስ 27። የአንሶላ ሻጭ ማስታወቂያ። ተሰረዘ።

መልስ 28። ጠያቂዋ ከቆየች በኋላ ተመለሰች። ስም እየጠራች ሳይሆን ቁጥር እየጠራች አመሰገነች፤ 3ን፣ 8ን፣ 18ን። ማሽን አልገዛችም። ሌሊት መሙላትና መዘፍዘፍ፣ ጠዋት ሁለት ሁለት ማጠብ ጀምራለች። ጉንጉኑ ቀርቷል፤ ኦሞውም ይሟሟል። የመጭመቂያዋ ክዳን ከማሽኑ ጀርባ ወድቃ ተገኘች። ያልተመቻት ነገር አለ። በፊት በአንድ ሌሊት ያልቅ የነበረው ሥራ አሁን ጠዋቱንም ይይዛል፤ መብራት ከሄደ ደግሞ የተዘፈዘፈው ሁሉ በእጅ ይታጠባል። ልጆቹ ሌሊት ስለተኙ ግን ደስ ብሏቸዋል። የጋሼን በእግር መርገጥ መብራት የጠፋ ቀን ሞክረውት እየሳቁ ጨረሱ አሉ። ሁለተኛውን ገመድ ገና አልወጠረችም፤ ግቢዋ ጠባብ ነው፣ ምሰሶ የት እንደምትተክል እያሰበች ነው።

መልስ 29። መልስ 18 የጻፈው ሰው ምሰሶ እንደማያስፈልግ ነገራት። ቆርቆሮው ሥር ካለው እንጨት ላይ ሁለት ምስማር፣ አጥሩ ላይ ሁለት ምስማር ይበቃል። ገመዱ እየረገበ እንዳያስቸግር አንደኛው ጫፍ የሚፈታ ቋጠሮ ይሁን።

መልስ 30። አዲስ ገቢ። ሁሉንም እንዳነበበች ገልጻ ስለ መጋረጃ ጠየቀች። መንጠቆው ሲታጠብ ሁሉን ነገር እየያዘ አስቸግሯታል።

መልስ 31። ጠጋኙ መለሰላት። መንጠቆው ሁሉ ይውለቅ። ላይኛው ጠርዝ ተሰብስቦ በአሮጌ ጨርቅ ቁራጭ ላላ ተደርጎ ይታሰር። አንድ አንድ ተደርጎ፣ ለስላሳው ላይ፣ ለአጭር ጊዜ። ስሱ መጋረጃ መጭመቂያ ውስጥ አይግባ፣ የተጨማደደው በቀላሉ አይስተካከልም። ውሃው ሳፋ ላይ ከተንጠባጠበ በኋላ እርጥቡን እዚያው መስኮቱ ላይ መልሶ መስቀል ነው፤ ክብደቱ ራሱ እየጎተተ ያስተካክለዋል።

መልስ 32 እና 33 የጠጋኙን ስልክ የሚጠይቁ ናቸው። እሱም መድረኩ ላይ ስልክ መጻፍ ክልክል ስለሆነ በውስጥ መስመር እንዲጽፉለት ነገራቸው።